ሙስታንግ ለሽምግልና ሲቀርብ

ለሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ የሰው መኪና ማቆም ነበር። አትላንታ አጠገብ፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ ውስጥ አንድ ሆስፒታል በር ላይ እቆማለሁ፤ ታካሚ ወይም ጠያቂ ሲመጣ ቁልፉን እቀበላለሁ፤ መኪናውን በጠመዝማዛው መወጣጫ አራተኛ ፎቅ ወስጄ አቆማለሁ፤ ባለቤቱ ሲወጣ መልሼ አመጣለታለሁ። ቫሌት ይባላል። በቤተ ክርስቲያናችን ግን «ሆስፒታል ነው የምትሠራው» ነበር የሚባልልኝ። ይህን ያስወራው የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። ነርስ ብመስል ለቤተሰቡ የተሻለ ነው ብሎ አስቦ ይሆናል። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ ጋሼ እለዋለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» ይበቃዋል።

በዚያ ሥራ ያልነዳሁት የመኪና ዓይነት ጥቂት ነው፤ አንዱንም ግን ከአምስት ደቂቃ በላይ አልነዳሁትም። አምስት ደቂቃ ይበቃል። መኪና ጠባዩን የሚደብቀው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ነው። ግራና ቀኝ የሲሚንቶ ግድግዳ ባለበት ጠባብ ኩርባ ላይ የሚደበቅ ነገር የለም። መሪው ወዲያው ይታዘዛል ወይስ ቆይቶ? ፍሬኑ ገና ሲነካ ይይዛል ወይስ እግር ወርዶ ወርዶ? አፍንጫው የት ላይ ያልቃል? ሰው ጫማ ሲለካ ሁለት እርምጃ ሄዶ እንደሚያውቀው ነው።

መስል ካር የሚሏቸው ሲመጡ ባልደረቦቼ ይጣሉ ነበር። ኮፈናቸው ረጅም፣ ሞተራቸው ትልቅ፣ ድምፃቸው ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ የሚሰማ የአሜሪካ መኪኖች ናቸው። ወጣቶቹ ቁልፉን ለመንጠቅ ይሯሯጣሉ። መኪናው ማንዋል ከሆነ ግን ሩጫው ይቆማል፤ ከመካከላቸው ፍሪሲዮን መርገጥ የሚያውቅ አልነበረም። «ማማ፣ ያንቺ ነው» ይሉኛል። በዚህ ምክንያት ሦስቱን ከማንም በላይ አወቅኳቸው፤ ቻሌንጀርን፣ ካማሮን፣ ሙስታንግን።

ቻሌንጀር ሰፊ ቤት ነው። ከኋላ ወንበሩ ጎልማሶች ተመቻችተው ይቀመጣሉ፤ ፖርታ ባጋሊው የአንድ ቤተሰብ ሻንጣ ይውጣል፤ ሃይዌይ ላይ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ጉድጓድ መኖሩን እንኳ አይነግርህም። ኩርባ ላይ ግን ክብደቱ ይመጣል። መሪውን አዙረህ ትጠብቀዋለህ፤ አፍንጫው ትንሽ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ያስባል፣ ከዚያ ይታጠፋል። ካማሮ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከሦስቱ እንደ እሱ መሬት የሚቆነጥጥ የለም፤ ገና ስታስበው ታጥፏል። ነገር ግን መስኮቱ ጠባብ፣ በሩ ከፍ ያለ ነው። እሱ ውስጥ ተቀምጦ ውጭውን ማየት ጋቢ እስከ ዓይን ተከናንቦ ገበያ እንደ መውጣት ነው። ወደ ኋላ በሄድኩበት ቁጥር እጸልይ ነበር። ሙስታንግ በሁለቱ መሐል ነው። እንደ ካማሮ ስለታም አይደለም፣ እንደ ቻሌንጀር አይንቀራፈፍም፤ ደግሞ ሰው ውጭውን ያይበታል። አንድ ተንኮል አለው። ኩርባ ውስጥ እያለ ነዳጅ ካበዛህበት ጭራው ሊቀድምህ ይፈልጋል። ከማድረጉ በፊት ግን በተቀመጥክበት ወንበር በኩል ይነግርሃል። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ የማይሰጡ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

ጡረታ ስወጣ ያገለገለ ሙስታንግ ገዛሁ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ስምንት ሲሊንደር፣ ማንዋል። ልጄ ሮዝዌል ትኖራለች፤ ፋርማሲስት ናት። ስታየው በሯ ላይ እንደቆመች ቀረች።

«እማዬ፣ ሲሪየስሊ? ሚድላይፍ ክራይሲስ ለአንቺ ትንሽ አልዘገየም?»

«ሚድላይፉን ሥራ ላይ ነበርኩ» አልኳት።

ከባሌ ወንድም ጋር ያለን ነገርም የሚጀምረው ከመኪና ነው። አትላንታ እንደመጣን ባሌን መንዳት ያስተማረው እሱ ነበር፤ እሁድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ። እኔ ሕፃን ታቅፌ ጥላ ሥር ቆሜ አያለሁ። አንድ እሁድ «ጋሼ፣ እኔንስ?» አልኩት።

«አንቺን ምን ያስቸኩልሻል? አውቶቡስ አለ» አለኝ። ቆመው የነበሩት ወንዶች ሳቁ። ባሌም ሳቀ። ባሌን ይቅር ብዬዋለሁ። ለአራት ዓመት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። በመጨረሻ፣ ከቫሌቱ በፊት በነበርኩበት ሥራ፣ አንድ በዕድሜ የገፋ ባልደረባዬ በአሮጌ ፒክአፑ አስተማረኝ፤ ማንዋል የለመድኩትም ለዚህ ነው፣ ሌላ መኪና አልነበረውም።

ከዚያ ባሌ ታመመ። ልጃችን ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሕክምናው መሐል ከተማ፣ ሚድታውን ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን። ወንድሙ ጉባኤው ፊት ቆሞ «የማመላልሰው እኔ ነኝ፤ ማንም አይቸገር» አለ። ሕዝቡ አሜን አለ። ሁለት ጊዜ መጣ። በሦስተኛው ኮት ለብሰን በር ላይ ስንጠብቅ ቀረን፤ ስልክም አያነሣም። ባሌን የመኪናችን የኋላ ወንበር ላይ አስተኛሁት፣ ባልዲ አስታቀፍኩት፤ ብቻዬን ሃይዌይ ወጥቼ የማላውቅ ሴት ይዤው ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን ያነበበው ወንድሙ ነው። «በሕመሙ ወቅት ታላቅ ወንድሙ ያለ ድካም እያመላለሰ አስታመመው» የሚል ነበረበት። ጥቁር ለብሼ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። ልጄ እጄን ይዛ ነበር። እሷም ሰማች፣ አመነችም፤ እኛ ስንወጣ ትምህርት ቤት ስለምትሆን ማን እንደሚነዳ አይታ አታውቅም። ዝም አልኩ። በዚያ ቀን ምን ብዬ ልነሣ? ከዚያ ቀን በኋላ ደግሞ ጊዜው አለፈ ይባላል። ጊዜው ማለፉን የሚነግሩህ ሁልጊዜ የበደሉህ ሰዎች ናቸው።

ባለፈው ግንቦት ከልጄ ቤት ስመለስ 400 ሃይዌይ ለመግባት የመግቢያውን መንገድ ያዝኩ። አንድ የጭነት መኪና ቦታ አልሰጥ አለኝ። ማርሽ አንድ ዝቅ አድርጌ ረገጥኩትና ከፊቱ ገባሁ። እንዲህ ላለ ጊዜ ነው ትልቅ ሞተር የሚጠቅመው፤ ሰው ለጉራ ይመስለዋል እንጂ። ትንሽ እንደሄድኩ በግራ በኩል የታጠበ ጥቁር ቻሌንጀር አየሁ። የባሌ ወንድም ነው። አለፍኩት። እጄንም አውለበለብኩለት። የከበደው ማውለብለቤ ሳይሆን አይቀርም።

በሚቀጥለው እሁድ ልጄ ምሳ ጠራችኝ። ስገባ እሱ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጧል። ጸለየ፣ ረጅም ጸሎት፤ «መንገዳችንን ጠብቅ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አለው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«እንግዲህ የመጣሁት ለሽምግልና ነው።»

«በማንና በማን መካከል?» አልኩ።

«በአንቺና በልጅሽ።»

«እኔና ልጄ አልተጣላንም።»

«አልተጣላንም» አለች ልጄ። «አንክል፣ እኛ፣ ላይክ፣ ፋይን ነን። እኔ በቃ ዎሪ አደርጋለሁ ነው ያልኩህ።»

«ያው ነው» አለ። ወደ እኔ ዞረ። «በዚህ ዕድሜሽ፣ የቤተ ክርስቲያን እናት ሆነሽ፣ በዚያ መኪና ሃይዌይ ላይ ትጋልቢያለሽ። በዓይኔ ነው ያየሁት። እንደ ጥይት አለፍሽኝ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ግራው ሌን ላይ እያዘገሙ ነበር። ከኋላዎ ሰልፍ ነበር። እንደዚያ ሲሄዱ ያለፈዎት ሁሉ ጥይት ይመስልዎታል።»

ልጄ ሳቋን በመዳፏ ያዘች። እሱ አልሳቀም።

«እኔም እኮ ያለኝ መስል ካር ነው። ልዩነቱ እኔ እቆጣጠረዋለሁ። ሴት ልጅ ያን ያህል ጉልበት መያዝ አትችልም። ተፈጥሮ ነው፣ ስድብ አይደለም።»

«አንክል! እንደሱ አይባልም» አለች ልጄ። ግን ወዲያው ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ እሱ ያለው ነገር፣ ኦኬ፣ ሴክሲስት ነው። ግን እኔ እውነት እፈራለሁ። ስልኬ በጠራ ቁጥር ፖሊስ ነው ብዬ ነው የማነሣው። ቁልፉን ስጪኝ። ኖ ድራማ። የት መሄድ ስትፈልጊ ቴክስት አድርጊኝ፣ ፒክ አደርግሻለሁ።»

ልጄ ክፉ አይደለችም። ሥራዋ ግን እስከ ምሽት ነው። ፒክ ታደርገኛለች ማለት ቅዳሜ ግሮሰሪ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ በቀሩት አምስት ቀናት መስኮት ማለት ነው። እዚህ አገር ስመጣ ካገኘሁት ሁሉ በእውነት የራሴ ያልኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ በፈለግኩበት ሰዓት ተነሥቼ መሄድ ነው። ያንን ነበር የጠየቁኝ። ሻይ እንደሚጠየቅ አድርገው።

ቁልፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ልጄ እጇን ስትዘረጋ «ቆዪ» አልኳት።

«ሽምግልና ከሆነ በሥርዓቱ ይሁን። ጋሼ ከሳሽ ናቸው፤ ከሳሽ ደግሞ ሽማግሌ አይሆንም። እኔም የራሴን ሽማግሌ እመርጣለሁ። ቁልፉ አንቺ ዘንድ መያዣ ይሁን። የተፈረደውን እቀበላለሁ።»

እሱ ስንት ባልና ሚስት አስታርቋል። ይህን ደንብ ለስንቱ ሲናገር ሰምቼዋለሁ። እምቢ ማለት አልቻለም።

«መልካም» አለ። «ማንን ነው? ፓስተሩን?»

«አይደለም። አንዲት ሴት ናት። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነበረች። አሁን በወር አንድ ቅዳሜ ኮን መሐል መንዳት ታስተምራለች።»



«ኮን?» አለች ልጄ። «እማዬ። የምን ኮን?»

መናገር ግድ ሆነብኝ። ከከተማው በስተ ደቡብ አንድ ሰፊ ባዶ ፓርኪንግ አለ። በወር አንድ ጊዜ ብርቱካናማ ኮኖች፣ መንገድ ሲዘጋ የሚተከሉት ሾጣጣ የፕላስቲክ ምልክቶች፣ ይደረደሩበታል፤ መኪኖች አንድ በአንድ እየገቡ በመካከላቸው ተጠማዝዘው ይወጣሉ፤ ሰዓት ይያዝላቸዋል። ኮን የነካ ሁለት ሰከንድ ይጨመርበታል። ግድግዳ የለም፣ የሚጋፋ ሌላ መኪና የለም፤ ፍጥነቱም ከሃይዌይ አይበልጥም። መኪናውን ከገዛሁ ጀምሮ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ለማንም አልነገርኩም።

«ትወዳደሪያለሽ? አንክል ልክ ነበር ማለት ነው!»

«የምወዳደረው ከሰዓት ጋር ነው። ሰዓት አይገጭም።» ከዚያ ወደ እሱ ዞርኩ። «ጋሼ፣ እርስዎም መኪናዎን ይዘው ይምጡ። ሁለታችንንም አጠገባችን ተቀምጣ ትየን። መቆጣጠር የሚችለው ማን እንደሆነ ትፍረድ።»

ሊስቅ ጀመረና ልጄ እያየችው መሆኑን አስተዋለ። «እመጣለሁ» አለ። «ቀጥ ያለ ቦታ አለው?»

«ትንሽ አለው» አልኩት።

ፍትሐዊ እንዳልነበረ አውቃለሁ። እኔ አራት ጊዜ ነድቻለሁ፣ እሱ አንድም ቀን። ዕድሜዬን ሁሉ ፍትሐዊ ሆኜ ምን አገኘሁ?

ቅዳሜ ጧት ሦስታችንም ተገኘን። ሙስታንጉን በተሳቢ መኪና አስጭና ያመጣችው ልጄ ናት፤ ማንዋል አትችልም፣ እኔ ደግሞ ቁልፉ በመያዣ ስለሆነ አልነዳም ብያለሁ። ሥርዓት ሥርዓት ነው። ሽማግሌዬ በቀይ ካማሮዋ ቀድማ መጥታ ነበር። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ጸጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ነገሩን ስነግራት ካማሮዋን ተደግፋ ሳቀች።

«ሃኒ፣ እንዲህ ያለ ዳኛ ሆኜ አላውቅም። ምን ነው የሚለበሰው?»

«ሄልሜት» አልኳት።

እዚያ ቦታ አንድ ልማድ አለ። ማንም ሰው ከመንዳቱ በፊት መስመሩን በእግሩ ይዞራል። ሁሉም፤ አዲሱም፣ ነባሩም። ከመኪና ውስጥ ሲታይ የኮን ጫካ ስለሆነ፣ በእግር ካልተማርከው መግቢያውን ከመውጫው አትለይም። የባሌ ወንድም ኤሲ ከፍቶ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። መስኮቱን አንኳኳሁ።

«ጋሼ፣ በእግርዎ ቢያዩት ጥሩ ነበር። ከፈለጉ አብሬዎት ልሂድ፣ ላሳይዎት» አልኩት። በትሕትና ነው ያልኩት፤ በጣም በትሕትና። እንደዚያ ሲነገረው እምቢ እንደሚል አውቃለሁ።

«መንገድ የምታሳዪኝ አንቺ ነሽ?» አለ። «ከአንቺ በፊት ነው መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት።»

ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ልጄም አንዱን ዙር አብራኝ ሄደች፤ እያንዳንዱን ኮን በጫማዋ ጫፍ እየነካች «ይሄ ለምን እዚህ ሆነ?» እያለች። ተመልሰን ተራ ስንይዝ እሱ ብቅ አለ። «ታላቅ ይቅደም» አለ። እውነት ነው፣ ታላቅ ይቀድማል። «ይቅደሙ ጋሼ» አልኩት።

ሽማግሌዬ አጠገቡ ተቀመጠች። እውነቱን ለመናገር ሲነሣ አምሮበታል። ቻሌንጀር ቀጥ ባለ መሬት ላይ ሲረገጥ አስፋልቱ ራሱ የሚላጥ ይመስላል፤ ከእኔ ሙስታንግ በዚያች አጭር መንገድ የሚያንስ አይደለም። የመጀመሪያው ኩርባ ግን ወዲያው መጣበት። ፍሬን የያዘው መታጠፍ ሲጀምር ነው። ያን ሁሉ ክብደት የፊት ጎማዎቹ ላይ ጥሎ መሪውን አዞረው፤ መኪናው አልሰማውም፤ ቀጥ ብሎ ሦስት ኮን ይዞ ሄደ። ከዚያ መስመሩ ጠፋው። ገበያ መሐል እናቱ እንደጠፋችበት ልጅ ወዲህ ዞረ፣ ወዲያ ዞረ፣ ቆመ። በሽማግሌዬ ጣት እየተመራ ወጣ። ሁለተኛውን ሲሞክር መስመሩን አገኘው፤ ግን አምስት ኮን ገጨ። አንዱ ኮን ሥሩ ተወትፎ እስከ መውጫው አብሮት ተጓዘ።

ወርዶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። «ይሄ መኪና ለዚህ አልተሠራም።»

የእኔ ተራ ሆነ፤ ሽማግሌዬ አጠገቤ ገባች። ልጄ ቁልፉን ሰጠችኝ።

በሁለተኛ ማርሽ ገባሁ፤ ከዚያ በኋላ ማርሽ አልነካሁም። ሥራዬ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ኩርባው ውስጥ የምትሠራው ነገር የለም፣ የምትሠራው ከኩርባው በፊት ነው። ቀጥ ብዬ እያለሁ ፍሬን ያዝኩ፣ ለቀቅኩ፣ አዞርኩ። የማየው አጠገቤ ያለውን ኮን ሳይሆን የሚቀጥለውን ነው። ሙስታንጉ ወደ ውስጥ ተጠጋ፣ ተደገፈ፣ ወጣ። እንደ እባብ የሚዞሩበት ረድፍ ላይ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ እጄ ሳይቸኩል። የመጨረሻው ኩርባ ላይ ነዳጅ ቀደም ብዬ ሰጠሁትና ጭራው መውጣት ጀመረ። ነገረኝ። እግሬን በትንሹ መለስ አደረግኩ፣ መሪውን ሰጠሁት፣ ተስተካከለ። አንድም ኮን አልነካሁም። ከእሱ በሃያ ሰከንድ ፈጠንኩ፤ ግማሹ ያህሉ የኮኖቹ ቅጣት ነው። ስወርድ ቁልፉን ለልጄ መለስኩ።

ሽማግሌዬ ለማመሳከር ብላ በካማሮዋ ገባች። ከእኔ በአራት ሰከንድ ፈጠነች። ከዚያ ቁልፉን ሰጠችኝ፤ በካማሮው እኔም ከራሴ በሁለት ሰከንድ ፈጠንኩ። ስለዚህ ከሦስቱ ኩርባ ላይ የሚበልጠው ካማሮ ነው። የእኔ ስላልሆነ ብዬ አልክደውም። ግን ኮኖቹን ያየኋቸው ስደርስባቸው ነው፤ ስወርድ ከጓዳ እንደወጣ ሰው ሰማይ ሰማይ አየሁ። ሙስታንጌን አልለውጥም።

«አያችሁ?» አለ የባሌ ወንድም፤ ደስ ብሎት። «ልዩነቱ የመኪናው ነው። በቀላል መኪና ማንም ይሠራዋል።»

«ኦኬ» አለች ልጄ። ሳይንስ የተማረች ናት። «እንደሱ ከሆነ ቀላል ነው። እማዬ የአንተን ትንዳው።»

ያንን ቻሌንጀር ከእሱ በቀር የነዳው ሰው የለም፤ የገዛ ልጆቹ እንኳ። እንዳይከለክል ሁሉም እያየው ነው። ቁልፉን ሰጠኝ፤ ሄልሜት አድርጎ ግን በተሳፋሪው ወንበር ተቀመጠ። መኪናውን ብቻውን ሊልከው አልፈለገም።

ከባድ መኪና የሚነዳው በትዕግሥት ነው። ከሙስታንጉ ቀደም ብዬ ፍሬን ያዝኩ። ክብደቱ እስኪረጋ ጠበቅኩት። መሪውን ቀስ ብዬ አዞርኩና አፍንጫው ዞሮ እስኪያበቃ ነዳጅ አልሰጠሁትም። ሲያበቃ ረገጥኩ፤ ያን ጊዜ ያን ታላቅ ሞተር ማን ያቆመዋል? ካማሮ ቢሆን በተቆጣ፣ ሙስታንግ ቢሆን ጭራውን በወረወረ ነበር፤ ቻሌንጀር ግን እንደ ደህና ሰው ተሸክሞን ወጣ። ከሙስታንጉ በአምስት ሰከንድ ዘገየን። ኮን አልነካንም። ባለቤቱ ያላወቀው ጥሩ መኪና ነው።

ቆምን። እሱ አልወረደም።

«እሱንም እንዲህ ነበር የምትወስጂው?» አለኝ።

እሱ ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። «እሱን በዝግታ ነበር» አልኩ። «ኩርባ ያቅለሸልሸው ነበር።»

ሞተሩ እየሠራ ነው። መስታወቱ ውስጥ ልጄ ከሩቅ ትታያለች።

«ያን ቀን መጥቼ ነበር» አለ። «ከቤታችሁ ማዶ ቆሜያለሁ። ደግፈሽው ከበር ስትወጡ አየሁት። ወንድሜን አልመስል አለኝ። መቅረብ አቃተኝ።»

ይህን ለሃያ ዓመት ያህል አላወቅኩም ነበር። ምን እንደተሰማኝ የራሴ ጉዳይ ነው።

«ስልክ ማንሣት ግን ይቻል ነበር» አልኩ።

«ይቻል ነበር።»

«የቀብሩ ወረቀት ላይ ያንን መጻፍም ግድ አልነበረም።»

የወንበሩን ቀበቶ ፈታ።

«ለእኔ አይንገሩኝ ጋሼ። እኔ ነበርኩ፣ አውቀዋለሁ። ለእሷ ይንገሯት።»

እንደማይነግራት እርግጠኛ ነበርኩ። ወረደ። ሄልሜቱ አልወልቅ ብሎት ልጄ ማንጠልጠያውን ፈታችለት፤ እንደዚያ አንገቱን ዘንበል እንዳደረገላት ተናገረ።

«አባትሽን ሕክምና የወሰድኩት ሁለት ቀን ብቻ ነው። የቀረውን ሁሉ የነዳችው እናትሽ ናት። ቀብሩ ላይ ያነበብኩት ትክክል አልነበረም።»

ልጄ ማንጠልጠያውን እንደያዘች እኔን አየችኝ። «ሁሉንም?»

«ከሁለቱ በቀር» አልኩ። ሁለቱን አልወስድበትም።

ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ አልጽፍም፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቅዳሜ አያልቅም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ስሙ ሲነሣ ጥርሴን አልነክስም። ለእኔ ይህ ትንሽ አይደለም።

የቀረው ፍርዱ ነበር። ልጄ ሽማግሌዬን በቀጥታ ጠየቀቻት፤ «ቁልፉን ልስጣት ወይስ ልያዘው?»

«ሃኒ» አለች፣ «እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ልጆች ጭኜ ነድቻለሁ። ከእናትሽ ጋር የሰው ልጆች ጭኜ እልክ ነበር። ከእርስዎ ጋር ግን ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ገና አልክም። ሦስት አራት ቅዳሜ ይምጡ፤ መጀመሪያ በእግር።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ኮኖቹ መኪናው ላይ የተዉትን ብርቱካናማ ቀለም ለመጥረግ ጎንበስ ብሎ ነበር። «ስንት ሰዓት ነው የሚጀመረው?» አለ፤ እንደጎነበሰ።

ከሰዓት በኋላ ኮኖቹ ተሰብስበው ሜዳው ባዶ ሆነ። ቁልፉን እንድትሰጠኝ እጄን ዘርግቼ ስጠብቅ ልጄ አልሰጠችኝም።

«እማዬ፣ ከመሄዳችን በፊት እኔ ልሞክረው?»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወንበሯን አስጠጋሁላት፣ ሦስቱን ፔዳል አሳየኋት። «ግራ እግርሽን እስከ መጨረሻው ርገጪ። አሁን ቀስ ብለሽ ልቀቂ፤ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እዚያ ላይ ጠብቂው።» መኪናው እንደ በቅሎ ዘለለና ጠፋ።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ሶሪ፣ ሶሪ!»

«ምን ሆነ? እንደገና አስነሺው።»

ጠፋ። አስነሣችው። ጠፋ። የባሌ ወንድም ከሩቅ ሊመክር እጁን አነሣ፤ ሽማግሌዬ ክንዱን ይዛ አወረደችው። በአምስተኛው ልጄ ከንፈሯን ነክሳ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ እግሯን እንደ እንቁላል አቀለለችው። ሙስታንጉ ተንሸራተተ፤ ሄደ።

«እየሄደ ነው! እማዬ፣ እየሄደ ነው! አሁን ምን ላድርግ?»

«ወደ ሩቅ እዪ» አልኳት። «ሁለተኛ ማርሽ አስገቢ።»